በቅጠልና በቆረቆንዳ መሣል፦ ስለ ሠሪና ስለ መሣሪያ

ሕፃናት በብሩሽ ፈንታ ቅጠል፣ ላባ ወይም ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ቀለም እየነከሩ እንዲሥሉ ማድረግ በመዋዕለ ሕፃናት የሚዘወተር ሥራ ሲሆን፣ ጥቅሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው ጣትን ከማፍታታትና ወጪን ከመቀነስ አንጻር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሥራ ከማስተማሪያ ዘዴነቱ ባሻገር አንድ የቆየ የፍልስፍናና የነገረ መለኮት ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም አንድ ነገር ሲሠራ ሠሪው ማን ነው፣ መሣሪያውስ በሥራው ላይ ምን ድርሻ አለው የሚለው ነው።

በቅጠልና በብሩሽ መካከል ያለው ልዩነት የተፈጥሮ ነገርና የሰው እጅ ሥራ ልዩነት ሊመስል ቢችልም፣ የብሩሽ ጠጕር ከእንስሳ ሊገኝ እንደሚችል፣ የብራና ጸሓፊ ብርዕም ከመቃ ወይም ከሸምበቆ እንደሚዘጋጅ ሲታሰብ ይህ አመለካከት አይጸናም። መቃው ተቀርጾና ጫፉ ተሰንጥቆ የጸሓፊውን እጅ እንዲታዘዝ ሆኗል፤ ቅጠሉና ቆረቆንዳው ግን ለሥዕል ተብለው አልተዘጋጁም። ስለዚህም ቆረቆንዳው በወረቀት ላይ ሲንከባለል ፍሬዎቹ ተተክለውባቸው የነበሩትን ጎድጓዳ ቦታዎች በረድፍ ያትማል፣ ቅጠሉም የጅማቶቹን መስመር ይተዋል፤ ልጁ ይህን አላቀደውም፣ ሊከለክለውም አይችልም።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኩይናስ ስለ ምሥጢራት በጻፈበት ክፍል፣ መሣሪያ ሁለት ዓይነት ተግባር እንዳለው ያስረዳል፦ መጥረቢያ በራሱ ስለት ይቆርጣል፣ አልጋ የሚሠራው ግን በአናጢው ጥበብ ነው። በዚህ አከፋፈል መሠረት የጅማቱ መስመር የቅጠሉ ሲሆን፣ መስመሮቹን ደራርቦ፣ አቀራርቦና አራርቆ ሥዕል የሚያደርጋቸው ሐሳብ የልጁ ነው። ብሩሽ የራሱን ድርሻ እንዲሰውር ሆኖ የተሠራ መሣሪያ በመሆኑ ይህን ክፍፍል ይሸፍናል፤ ቅጠል ግን ይገልጠዋል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርትም እግዚአብሔር «እም ኀበ አልቦ ኀበ ቦ»፣ ማለትም ካለመኖር ወደ መኖር ባመጣቸው ፍጥረታትና «ግብር እም ግብር»፣ ማለትም ቀድሞ ከተፈጠረው ነገር ባስገኛቸው መካከል ይለያል። እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃና መሬት ከፊተኞቹ ሲቆጠሩ፣ ዕፀዋት ከምድር የተገኙ ናቸው። ካለመኖር ማምጣት የፈጣሪ ብቻ ስለሆነ፣ የሰው ጥበብ ሁሉ ቀድሞ ባለው ነገር ላይ የሚመሠረት ነው፤ በቅጠል የሚሥል ሕፃንም ይህን እውነት በቃል ከመማሩ በፊት በእጁ ያገኘዋል።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የሥነ ልቦና ሊቁ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ጨዋታ ባቀረበው ንግግር እንዳሳየው፣ ልጅ እንጨትን ፈረስ አድርጎ ሲጋልብ የነገሩ ትርጉም ከነገሩ ይለያል፤ እንግዲያውስ ቅጠሉም በልጁ ምናብ ሲዋጥ የራሱን ባሕርይ ያጣል ሊባል ነው። ሆኖም ቪጎትስኪ ራሱ ማንኛውም ነገር ፈረስ ሊሆን እንደማይችል፣ ዕቃው የመጋለብን እንቅስቃሴ ሊፈቅድ እንደሚገባ ያሳስባል። ምናብ እንኳ ፈቃድ የሚጠይቀው ከነገሩ ባሕርይ ከሆነ፣ ተቃውሞው ዋናውን ሐሳብ ከማፍረስ ይልቅ ያጠናክረዋል።

ከዚህ የሚከተለው መምህሩን ይመለከታል። ልጁ በቅጠሉ ቤት ወይም ሰው እንዲሥል ቢታዘዝ ቅጠሉ የማይመች ብሩሽ ከመሆን አያልፍም፤ በቅድሚያ ምን ዓይነት አሻራ እንደሚተው እንዲሞክረው ቢተው ግን፣ ምርጫው ከነገሩ ባሕርይ ጋር በመመካከር የሚወለድ ይሆናል። እንዲህ የተሠራውን ሥዕል ልጁ «የእኔ ነው» ሲል አይሳሳትም፤ የሥራው ባለቤት ለመሆን ብቸኛው ምንጩ መሆን አያስፈልግምና።