የወንድማማቾቹ ራዲያተር

ደጀን ጫፍ ላይ፣ የዓባይ በረሃ አፉን ከሚከፍትበት አጠገብ፣ አንድ አባት ለሁለት ወንዶች ልጆቹ አንዲት ሞተር ሳይክል ትቶ አረፈ። አንድ ሳምንት ለታላቁ፣ አንድ ሳምንት ለታናሹ ነበረች። የእንስሳት መድኃኒት ወደ ጎሃ ጽዮን ያመላልሱባታል። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል፦ ከ2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ሲሻገሩ ደግሞ የወረዱትን ያህል ዳገት ይጠብቃል።

አባትየው ካረፈ በኋላ ወንድማማቾቹ በማሳ ድንበር ተጣሉ። ያጣላቸው ስንዝር መሬት ነበር። ታናሹ «ወንድም ጋሼ» ማለቱን ተወ፤ የሞተሯ ቁልፍም በእናታቸው እጅ መተላለፍ ጀመረ።

ታላቁ ለራዲያተር ከውሃ ሌላ አያውቅም። እውነት አለው፤ ሙቀት ተሸክሞ በመውጣት ውሃን የሚያክል ፈሳሽ ጥቂት ነው። ግን የምንጭ ውሃ ኖራውን ይዞ ይገባል፣ አሉሚኒየሙን ይበላል፤ በደጀን ከፍታ ደግሞ ክፍት ድስት ውስጥ ገና 92 ዲግሪ ግድም ላይ ይንተከተካል። ታናሹ በበኩሉ ያልተበረዘ ኩላንት ከአዲስ አበባ እያስመጣ ጥርቅም አድርጎ ይሞላል። እሱም እውነት አለው፤ ኩላንት ዝገት ይከላከላል፣ ቶሎም አይፈላም። ብቻውን ሲሆን ግን ሙቀት በመሸከም ከውሃ ይሰንፋል፤ ሞተሩም ይግላል።

ተራ በተለዋወጡ ቁጥር አንዱ የሌላውን ቀንሶ የራሱን ይጨምርበታል። አንድ ጊዜ የለመደው አረንጓዴ ኩላንት ጠፋና ታናሹ ቀይ ገዝቶ ጨመረበት። ቀለም የአምራቹ ምርጫ ነው፤ የውስጡን ባሕርይ አይናገርም። ሁለት አረንጓዴዎች ላይስማሙ ይችላሉ፤ መነበብ ያለበት የጠርሙሱ ጀርባ ነው። በዚህ ቸልታ ስንት ሞተር ተቃጥሏል!

አክስታቸው ጎሃ ጽዮን ላይ ያረፈች ዕለት ሁለቱ ሳይነጋገሩ በአንድ ኮርቻ ለቀብር ወረዱ። ሲመለሱ፣ ከድልድዩ በላይ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሞተሯ አፈላች። ከመታጠፊያው ቢጫ ጀሪካን የያዘ ልጅ ውሃ ሊሸጥላቸው እየሮጠ መጣ። ታናሹ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሲሰድ ታላቁ ክንዱን ያዘው።

«ተው! እንፋሎቱ ፊትህን ይልጥሃል!»

በስድስት ወር ውስጥ የተነጋገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

እስክትበርድ ጠብቀው፣ በጭነት መኪና ደጀን አድርሰው፣ አባታቸውን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ አወረዷት። ሽማግሌው ከሥር ሳፋ አኖሩና ራዲያተሩን ፈቱት። የወጣው ቀለሙ የማይለይ ነገር እንደ ፈላ ተልባ ይዝለገለጋል፤ መሐሉ ላይ የማንቆርቆሪያ ሥር የሚመስል ነጭ ቅርፊት ይታያል። የግቢው ቡችላ ሊልስ ጠጋ ሲል ሽማግሌው ሳፋውን ቀምተው አነሱና በጀሪካን ገልብጠው ከደኑት።

«ይጣፍጣል፤ ኩላሊት አጥፍቶ ይገድላል። እዚህ ውስጥ ምን ጨመራችሁ?»

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

«ጋሼ፣ እኔ ውሃ ብቻ ነው» አለ ታላቁ።

«እኔ ኩላንት ብቻ» አለ ታናሹ።

ሽማግሌው ሳፋውን እያጠቡ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ታላቁ ዞሩ። «አንተ ውሃውን አምጣ። የተጣራ የባትሪ ውሃ፤ አሲድ እንዳይሰጡህ አደራ፣ ጠይቅ።» ለታናሹ «አንተ ኩላንቱን። ለአሉሚኒየም ሞተር የሚሆን፣ ሲሊኬት የሌለው የሚል። ሲሊኬቱ የትንሽ ሞተርን የፓምፕ ማሸጊያ ይፍቀዋል» አሏቸው።

መጀመሪያ በተጣራው ውሃ ሞልተው፣ አስነስተው፣ አብርደው አፈሰሱ። ደገሙት። በአራተኛው ጥርት ብሎ ወጣ። ታናሹ ኩላንቱን ወደ ራዲያተሩ ሊገለብጥ ሲል ሽማግሌው ከለከሉት።

«እዚያ ውስጥ ገብተው አይተዋወቁም። ውጭ ይጋቡ፣ ከዚያ ይግቡ።»

ሞተሯ የምትይዘው 1.2 ሊትር ነው። በንጹሕ ዕቃ 600 ሚሊ ሊትር ውሃና 600 ሚሊ ሊትር ኩላንት ለኩ። «እኩል ለእኩል ሲሆን ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ድረስ አይረጋም ይላሉ» አሉ ሽማግሌው። «እኛ ያ ብርድ የለብንም። የኛ ጣጣ ዳገቱ ነው።»

ሥሩ የተቆረጠ ሃይላንድ ገልብጠው በራዲያተሩ አፍ ላይ አቆሙት። ታላቁ ያዘ፤ ታናሹ አፈሰሰ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ትንሽ ዘንበል አድርገው።»

ታላቁ ዘንበል አደረገው። ሞተሯ ስትነሳ አየር ከሥር እየተንፈቀፈቀ ወጣ፤ ፈሳሹ ዝቅ ሲል እየጨመሩ፣ አረፋው እስኪጠፋ ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው ቆሙ።

የአክስታቸው አርባ ሲደርስ አብረው ወርደው አብረው ተመለሱ። ከድልድዩ በላይ፣ እዚያው መታጠፊያ ላይ፣ ልጁ ጀሪካኑን ይዞ ሮጠ። ሞተሯ ውሃ አላስፈለጋትም። ቢሆንም ቆሙ፤ ሒሳቡን ከፈሉት። ታናሹ ጀሪካኑን ተቀበለና፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወንድሙን እጁን አስታጠበው።