«ሌላ» የሚባል በሽታ

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከኢሉባቦር ከተሞች በአንዷ፣ የአንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። የተመላላሽ ሕክምና መመዝገቢያውን ሶፍትዌር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሚሠራ ልይ ብዬ ነው የሄድኩት። ውጭ የክረምቱ ዝናብ አላቋርጥ ብሏል። አንዲት እናት የአራት ወር ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ገባች፤ ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል የተጻፈ የሪፈር ወረቀት ይዛለች። ካርድ ክፍል የምትሠራዋን ልጅ በአፋን ኦሮሞ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልጅቷ ወረቀቱን አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«የልጄ በሽታ ምን ይላል ነው የምትለው።»

ወረቀቱን ተቀበልኳት። የምርመራ ውጤት በሚለው መስመር ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፦ «ሌላ»።

ሕፃኑን ያየው ጤና መኮንን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የልጁ ጭንቅላት ከጎንና ከጎን ጠቦ፣ ከፊት ወደ ኋላ ረዝሟል። እናቱ አራስ ቤት ሆና ቅርጹ እንዲስተካከል በቅቤ ስታሸው ነው የከረመችው። እሱ ግን አናቱን በጣቱ ሲዳስስ ጠንካራ ሸንተረር አግኝቶ ጠርጥሯል። የበሽታውን ስም ከእኔ ዝርዝር ውስጥ ቢፈልገው የለም። በራሱ ቃል እንዳይጽፈው ደግሞ የነጻ ጽሑፍ ቦታውን አጥፍቼዋለሁ። ሰው አንዱን በሽታ በሰባት ዓይነት አጻጻፍ እየጻፈ ዳታው ተበላሽቶብኝ ስለነበር፣ በቃ፣ ከዝርዝር ብቻ እንዲመርጡ አደረግኩ።

የሕፃን ራስ ቅል አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። በስፌት የተያያዙ የተለያዩ አጥንቶች ናቸው፤ እርግብግቢት የምንለውም ስፌቶቹ የሚገናኙበት፣ ገና ያልደነደነው ቦታ ነው። አእምሮ በመጀመሪያው ዓመት በእጥፍ ያህል ያድጋል፤ ስፌቶቹ ያልገጠሙት ለእሱ ቦታ ለመልቀቅ ነው። አንዱ ስፌት ያለጊዜው ከገጠመ ጭንቅላቱ ባገኘው አቅጣጫ ያድጋል፤ አንዳንዴም አእምሮ ላይ ግፊት ይፈጠራል። ይህ ክራኒዮሲኖስቶሲስ ይባላል። ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚሆኑ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል። ሕክምናው ቀዶ ጥገና ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ከተደረሰበት በጠባብ ቀዳዳ ሊሠራ ይችላል፤ ከዘገየ ግን ሰፊ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል።

በአንድ ጎን በመተኛት ብዛት ጠፍጠፍ ያለ ጭንቅላት ደግሞ ከአንዳንዱ የስፌት መግጠም ጋር ይምታታል፤ ይሄኛው ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም የስፌቱ መግጠም ኪው 75.0 ነው፤ የጭንቅላት በአንድ ወገን መጥመም ኪው 67.3 ነው። ለእናትየው የኮዶቹ ልዩነት «ቶሎ ሂጂ» በመባልና «አይዞሽ፣ ይስተካከላል» በመባል መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከመቱ አዲስ አበባ ደግሞ 600 ኪሎ ሜትር ያህል አለ።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው «ድሮስ ሰውን ኮድ ማድረጋችሁ ነው ችግሩ» አለኝ። አልተስማማሁም። ኮድ ያጣው ልጅ ቁጥር ከመሆን አላመለጠም። በዲኤችአይኤስ 2 ሪፖርቱ ከተቋሙ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ ወደ ጤና ሚኒስቴር ሲወጣ እሱም ተቆጥሮ ወጥቷል፤ ግን ከእሱ ጋር ምንም ከማይገናኙ በሽታዎች ጋር ተደምሮ። በነርቭ ቱቦ ክፍተት የሚወለዱ ሕፃናትን ተመራማሪዎች ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞሩ ባይቆጥሩ ኖሮ፣ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ ስለመጨመር አገራችን ውስጥ ማን ያወራ ነበር?

እንግዲያው ሁሉንም በሽታ ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት ነዋ? እሱም አይሆንም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ስፌት የየራሱን ኮድ ሰጥተዋል። እነሱ ኮድ መስጠት ብቻ ሥራው የሆነ ባለሙያ አላቸው። እዚህ መርማሪውም፣ ኮድ ሰጪውም፣ ሪፈር ጻፊውም ያው አንድ ሰው ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ሰልፍ አለ። እኔ የምጨምራት እያንዳንዷ መስመር ከአንድ በሽተኛ ላይ የምትቀነስ ጊዜ ናት። ዝርዝሩን ማሳጠሬ ስህተት አልነበረም።

ስህተቴን ያገኘሁት እዚያው ምደባ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ የበሽታ ምድቦች በሁለት ቁጥሮች ያበቃሉ። ከነጥቡ በኋላ 8 ካለ፣ በሽታው ታውቋል፣ የራሱ ቦታ ግን አልተሰጠውም ማለት ነው። 9 ካለ ምን እንደሆነ አልተገለጸም ማለት ነው። በመጀመሪያው ዝርዝሩ የራሱን ጉድለት ያምናል። በሁለተኛው የጎደለው መረጃው ነው። እኔ ሁለቱን «ሌላ» በምትል አንዲት ቃል ጨፈለቅኳቸው። የዝርዝሬን ጠባብነት የጤና መኮንኑ አለማወቅ አስመሰልኩት። ይህ የቴክኒክ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ የታተመ ውሸት ነው።

ዝርዝር የሚሠራ ሰው ሁሉንም አያካትትም፤ አይጠበቅበትምም። የሚጠበቅበት ያላካተተውን እንዳላካተተ መናገር ነው። ማሳጠር ሁሉ ዋጋ አለው። የእኔን ንጹሕ ዳታ ዋጋ የከፈለው ግን ስብሰባችን ላይ ያልነበረ፣ በሽታው ብርቅ የሆነ ልጅ ነው። እኔ የተረፈኝ የሚያምር ግራፍ ነበር።

ያን ቀን ጤና መኮንኑ ተጠርቶ መጣ። እስክሪብቶ አወጣና ከታተመው ወረቀት ጠርዝ ላይ የጠረጠረውን ስም በእጁ ጻፈ፤ ከሥሩ «አስቸኳይ» ብሎ ጨመረበት፤ ፈረመ። እናትየው ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ ዝናቡ ውስጥ ወጣች።

ማታ ሆቴል ገብቼ የነጻ ጽሑፉን ቦታ መለስኩት። አሁን «ሌላ» የሚለውን ሲመርጡ ከሥሩ «ምን?» የሚል ሳጥን ይከፈታል፤ «አልታወቀም» ደግሞ ለብቻው ሌላ ምርጫ ሆኗል። ዳታው እንደገና ተዝረክርኳል፤ አንዱ በሽታ ዛሬም በሰባት ዓይነት አጻጻፍ ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አነባቸዋለሁ።