በርበሬውን አታርጥቡት

የምዕራብ ጎጃም ገበሬ በርበሬ የሚተክለው ለወጡ ብቻ አይደለም። የልጁ ደብተር፣ የማዳበሪያው ዕዳ፣ የቤቱ ቆርቆሮ ከዚያው ይወጣል። ስለዚህ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገበያ የሚነሣው ዛላ ባሕር ተሻግሮ በደኅና ዋጋ ቢሸጥ ድህነት የሚቀንሰው እዚያው ጃቢ ጠህናን ወረዳ፣ ገበሬው ጎጆ ውስጥ ነው።

«ሀብታሞቹ አገሮች በራቸውን ዘግተውብናል» የሚል ሰው ብዙ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን በሩ ክፍት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ እንደ ኢትዮጵያ ካሉ ድሃ አገሮች፣ ከጦር መሣሪያ በስተቀር፣ ማንኛውንም ዕቃ ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ይቀበላል። ጭነት የሚያስመልሰው ሻጋታ ነው። በርበሬ እርጥበት ሲይዝ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ኅብረቱም በ1 ኪሎ ግራም በርበሬ ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ አያስገባም። ይህ የአንድ ግራም መቶ ሺሕኛ ነው። ለፈረንጅ ብቻ የወጣ ሕግ አይምሰላችሁ። መርዙ ጉበትን ለካንሰር ያጋልጣል፤ መፍጨትም መቁላላትም አያጠፋውም። የሻገተውን እዚህ የምንበላው እኛና ልጆቻችን ነን።

እናም ወንድሞቼ፣ ሚዛን ያነሣል ብላችሁ ዛላው ላይ ውኃ መርጨቱን ተዉ። ገበሬውን ብቻ መውቀሴ አይደለም፤ ከሁሉ የሚከፋኝስ የነጋዴው ነው። ደረቁንና እርጥቡን በአንድ ዋጋ የሚገዛ ነጋዴ ገበሬውን ውኃ መርጨት እያስተማረው ነው፤ በፀሐይ ለፍቶ ያደረቀው ሰው ዛላው ስለቀለለ ይከስራል። ለደረቁ ጨምራችሁ ክፈሉ። መንገድ በግጭት በሚዘጋበት በዚህ ዘመን ደግሞ ምርት መጋዘን ውስጥ ይሰነብታል፤ እርጥብ ከሆነ መሰንበቱ ብቻ ያበላሸዋል፣ ኪሳራውም ለነጋዴው ለራሱ ነው።

ገበሬው ለቀማ ሲደርስ ዛላውን አፈር ላይ አይበትን፤ ሸራ ወይም ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ላይ ያስጣው፣ ጤዛ ሳይወርድ ይሰብስበው፣ የታመመውን ለቅሞ ያውጣ። ጆንያውንም ከወለሉ በእንጨት ያንሣው። ቡሬ ላይ የተሠራው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ምርታችን ጥሬውን እንዳይሄድ ታስቦ የተቋቋመ ነው፤ ነገር ግን የሻገተ ዛላ ከገባለት ፋብሪካም መልሶ ንጹሕ አያደርገውም።

የወረዳ ንግድና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በገበያ ቀን እርጥበት መለኪያ ይዛችሁ ውጡ። ዩኒየኖችም ዋጋውን በመለኪያው ቁረጡ። መለኪያ የሌለው ገዢ ዛላውን ይነቅንቀው፤ ፍሬው ከውስጥ ካልተንሿሿ አይግዛ።