ክርስቲያናዊ ወዳጅነትና የጎንደር ምስክሮቹ



ጌታችን በመጨረሻው ራት ሌሊት ደቀ መዛሙርቱን ከእንግዲህ ባሮች ሳይሆን ወዳጆች ብሎ እንደሚጠራቸው ሲነግራቸው ምክንያቱንም አብሮ ገልጦላቸዋል፤ ከአባቱ የሰማውን ሁሉ አስታውቋቸዋልና (ዮሐ. 15፥15)። ባርያ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ወዳጅ ግን ምሥጢር ይካፈላል። የክርስቲያኖች ወዳጅነት ምንጩ እንግዲህ ያ ማዕድ ነው። የጠባይ መግጠምና አብሮ አደግነት መልካም ነገሮች ቢሆኑም ይህን ያህል ጥልቅ ሥር የላቸውም።

ይህን ስንጽፍ ጠዳን እያሰብን ነው። ከአዘዞ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያላት በመሆኗ ከየወረዳው የመጡ ወጣቶች ይኖሩባታል። ከቤተሰቡ የራቀ ሰው ወዳጅ ምን እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል።

ጎረቤቷ አዘዞ ደግሞ የምታስታውሰን ከባድ ታሪክ አለ። አባ ፔድሮ ፓኤዝ የአገሩን ቋንቋ ተምረው፣ በትዕግሥትና በመልካም ጠባይ የብዙዎችን ልብ ስበው ነበር። ዐፄ ሱስንዮስም እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በግልጥ ተቀበሉ፤ ፓኤዝ ግን በዚያው ዓመት ዐረፉ። በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ያንን የትዕግሥት መንገድ አልተከተሉም። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ ጥንታዊው ሥርዓት እንዲለወጥ ተጠየቀ። ዐመፅ ተነሣ፤ ወንድማማች ተራረደ፤ በ1632 ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ። እኛ ካቶሊካውያን ይህን ታሪክ ስናወሳ ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ ይገባናል። በንጉሥ ዐዋጅ አንድነት ሊጸና ይችላል ብሎ ማሰብ ወንጌልን አለማወቅ ነበርና።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ይለው የነበረው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ መጣ። በ1839 ዓድዋ ሲደርስ በእጁ ዐዋጅ አልነበረም። የአገሩን መነኰሳት ልብስ ለበሰ፣ ቋንቋቸውን ተማረ፣ የግእዙን ሥርዓት አከበረ። በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ እንዲያመጡ ወደ ግብፅ ከላኳቸው መልእክተኞች ጋር ሲጓዝ፣ ከመካከላቸው አንዱ አባ ገብረ ሚካኤል ነበረ፤ የጎጃም ሰው፣ በጎንደር የተማረ፣ እውነትን ያለ ዕረፍት የሚፈልግ ሊቅ። ከግብፅም ወደ ሮሜ አብረው ሄዱ። አባ ገብረ ሚካኤል የካቶሊክን እምነት የተቀበለው ግን በ1844 ነው። ሦስት ዓመት! አቡነ ያዕቆብ ወዳጁን አላጣደፈውም፤ እኛ ዛሬ የምናጣውም ይህንኑ ትዕግሥት ነው እንላለን። ከዚያ በኋላ ለክህነት ተማሪዎች መጻሕፍት በማዘጋጀት አብሮት ሠራ፤ በ1851ም ከእጁ ክህነትን ተቀበለ።

በ1854 ሁለቱም በጎንደር ታሰሩ፤ በየተለያየ ስፍራም ተያዙ። አቡነ ያዕቆብ ከወራት በኋላ ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። አባ ገብረ ሚካኤል ግን በሰንሰለት እንደ ታሰረ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ሲንከራተት በ1855 ዐረፈ። በዚህ ዓለም ዳግመኛ አልተያዩም። ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን በ1975 ቅዱስ፣ ሁለተኛውን በ1926 ብፁዕ ብላ አክብራለች። ያሠሩአቸውም ክርስቲያኖች እንደ ነበሩ አንርሳ፤ ይህን የምንለው የቆየ ቂም ለመቀስቀስ ሳይሆን፣ በስመ ክርስትና መጨካከን ከአዘዞ ጀምሮ በሁለቱም ወገን የነበረ ስለሆነ ነው። በየካቲት 2016 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስና ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በቫቲካን እንደ ወንድማማች ሲገናኙ፣ ያ ሁሉ ዘመን በመካከላቸው እንዳለ ያውቁ ነበር።

ቅዱሳንም ቢሆኑ በወዳጅነት ይቈሳሰላሉ። ባስልዮስና ጎርጎርዮስ በአቴና አብረው የተማሩ፣ እንደ አንድ ነፍስ የሚቈጠሩ ነበሩ። ባስልዮስ ጎርጎርዮስን ሳሲማ በምትባል ትንሽ መንደር ላይ ጳጳስ አድርጎ በሾመው ጊዜ ግን ጎርጎርዮስ አምርሮ አዘነ። ሆኖም ባስልዮስ ከሞተ በኋላ ታላቁን የውዳሴ ንግግር የተናገረለት ይኸው ያዘነበት ወዳጁ ነው።

በግእዝ ሥርዓተ ቅዳሴያችን ዲያቆኑ ከአኰቴተ ቍርባን በፊት እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ያዝዛል። በጽዋ ማኅበርም የተጣሉ ሰዎች ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ እንዳይጠጡ የሚከለክል የአባቶች ልማድ አለ። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ናቸው፤ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ካለው ጌታ (ማቴ. 5፥23-24)። እኛ ግን ሰላምታውን በእጅ ንክኪ ብቻ እየፈጸምን፣ ያስቀየመን ሰው በተቀመጠበት በኩል ሳናይ እናልፋለን።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የከፋው ግጭት ይህን ፈተና አጠንክሮታል። መንገድ ሲዘጋ ለቅሶ መድረስ ቀርቷል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን መጠራጠር፣ በቡና ሰዓትም ቃሉን መመጠን ለምዷል። ስለዚህ በዚህ ሩብ ዓመት በየቤተ ክርስቲያናችን ያሉ ማኅበራት አንድ ነገር እንዲፈጽሙ እንለምናለን። የማኅበር ተራ በደረሰ ቀን፣ ለብዙ ጊዜ ያልመጣው ማን እንደሆነ ይጠየቅ፤ ሁለት ሰዎችም ከጽዋው በፊት፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ወደ ቤቱ ይሂዱ። ለምን እንደ ቀረ አይመርምሩት። ከዳቦው ይውሰዱለት፣ አብረውትም ይቀመጡ።