የእሺታ ዋጋ

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ፣ ኋላም የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ጡረታ የወጣሁ የደብረ ታቦር ሰው ነኝ። ስለ አሠሪና ሠራተኛ ኅብረት ሲወራ ትዝ የሚለኝ ጋፋት ነው።

ከከተማችን ጥቂት ወጣ ብሎ ያለው ጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ መሥሪያ ነበር። እነ ዋልድማየርና ዛልሙለር ከአውሮፓ የመጡት ወንጌል ሊያስፋፉና የእጅ ሥራ ሊያስተምሩ ነው። ንጉሡ ግን መድፍ ሥሩ አሏቸው። «አናውቅበትም» ቢሉ አገልጋዮቻቸው በሰንሰለት ታሰሩ። እሺ አሉ። ከብዙ ልፋት በኋላም 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ።

ፍርድ አላጎድልም። ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባለ በሚናቅበት ዘመን ቴዎድሮስ ባለ እጁን አክብረው ሸልመዋል። በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ ለመድፉ መንገድ ሲጠረግ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ፈንቅለዋል። የትኛው ሥራ አስኪያጅ ነው ከእኛ ጋር ማሽን ሥር የገባው? ቢሆንም ያንን ኅብረት ልለው አልችልም። ንጉሡ ድካሙን ተጋሩ እንጂ «እምቢ» ማለትን ለማንም አላካፈሉም።

እኔ በሠራሁበት ፋብሪካ ሰንሰለት አልነበረም፤ «ቤተሰብ ነን» የሚል ንግግር ነበር። ለፋሲካ በግ ይታረድልናል። ሽመና ክፍሉ ውስጥ ግን የጥጥ ብናኝ ቅንድብ ላይ ይጋገራል፣ ማታ ከአክታ ጋር ይወጣል። ጭምብል ይገዛልን ብለን ለኅብረት ስምምነት ድርድር ስንቀርብ ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን እያገላበጠ «ልጅ አባቱን በጽሑፍ ይጠይቃል እንዴ?» አለን።

ነገሩ ከነከነኝና የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ጳውሎስ ባሪያው ለጌታው እንዲታዘዝ መክሯል፤ ጌታውንም አንተም በሰማይ ጌታ አለህ ብሎ አስጠንቅቋል። ሁለተኛዋን ለአለቃህ አንብብለት» ብለው ሳቁ። እኔ ከዚያም አልፋለሁ፤ መታዘዝ በጎ ምግባር የሚሆነው አለመታዘዝ ሲቻል ነው። እህል ያጣ ሰው ጾመ አይባልም። እምቢ ማለት የማይችል ሠራተኛም ተባበረ አይባልም።

ሠራተኛ እምቢ ማለት ከቻለ ጠብ ይመጣል የሚሉ አሉ። እኛ ያየነው ሌላ ነው። ከብዙ ንትርክ በኋላ ስምምነቱ ተፈረመ። ቆይቶ ጥጥ ሲጠፋና ፋብሪካው ሊዘጋ ሲል፣ ማንም እንዳይባረር ፈረቃችንን ራሳችን አሸጋሸግን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያችንንም አቆየን። ያኔ እምቢ ማለት እንችል ነበር፤ አላልንም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ለሠራተኛው የመደራጀት፣ የመደራደርና ሥራ የማቆም መብት ሰጥቷል። በደቡብ ጎንደር ፋብሪካ ልትተክሉ ያሰባችሁ ባለሀብቶች፣ ሠራተኛው ማኅበር ሲያቋቁም መሰብሰቢያ ክፍል ስጡት። በጉም ቢቀር ግድ የለም፤ ጭምብሉን ግዙ።