ከየት በቀለ?



ጽጌረዳ የከረከመ ሰው ያውቀዋል፤ የደረቀውንና የታመመውን መቁረጥ ቀላል ነው። እርስ በርሱ የሚፋተገው ሲወጣ መሃሉ ይከፈታል፤ ነፋስና ብርሃን ስለሚገባ ቅጠሉን የሚያጠቁረው በሽታ ይቀንሳል። እጅ የሚያመነታው ሌላ ቦታ ነው።

ብዙ ጊዜ የምንገዛው ጽጌረዳ ሁለት ተክል ነው። ከላይ ለአበባው የተመረጠው፣ ከታች ደግሞ ለጥንካሬው የተመረጠ የሌላ ጽጌረዳ ሥር፤ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። አንዳንዴ ከመጣበቂያው በታች፣ ከሥሩ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቀንበጥ አለ። ለምለም ነው፤ ከሌሎቹ ቀድሞ ያድጋል። የማያውቅ ሰው «ማሻአላህ፣ እንዴት ጠነከረ!» ይላል። የፈለግናት አበባ ግን ከእሱ አትገኝም፤ ከተተወም የላይኛውን ተክል ያደክመዋል።

በምን ይለያል? በልምላሜው አይደለም። አፈሩን ገለጥ አድርጎ ከየት እንደበቀለ ማየት ነው።

ደርስ መቅረጽ በጀመርኩ ሰሞን ስንት ሰው እንዳየው ሳልመለከት አልተኛም ነበር። ቁጥሩ ሲጨምር እበረታለሁ፤ ሲቀንስ እዝላለሁ። መስጂድ ጥግ ለሦስት ልጆች ወደማቀራው ኪታብ ግን ሳልዘጋጅ መሄድ ለመድኩ። ከውጭ ላየኝ ለምለም ነበርኩ።

ጥያቄው «ሥራው ጥሩ ነው ወይ?» አልነበረም። ማስተማር ጥሩ ነው። ጥያቄው «ከየት በቀለ?» ነው። ኒያ የምንለው ይህንኑ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ያ ቀንበጥ ከአፈር በላይ ብቻ ከተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከተነሳበት ሥር መገንጠል አለበት። እኔም ስልኬን ለሳምንት አጠፋሁት፤ ስከፍተው ያው ነበርኩ። ሁለተኛ፣ በአንድ ቀንበጥ ተናዶ ሙሉ ተክሉን የሚነቅል የለም። ሪያእን ፈርቶ መልካም ሥራን መተውም ዞሮ ዞሮ ለሰው ብሎ መተው ነው።

ስለዚህ መቅረጹን አልተውኩም። ለሦስቱ ልጆች ሳልዘጋጅ ግን ምንም አልቀርጽም። ካሜራ በሌለበት ቦታ የሚከብደኝ ቀን፣ አፈሩን እንደገና መግለጥ እንዳለብኝ አውቃለሁ።

እናንተም ዛሬ በሕይወታችሁ ፈጥኖ የሚያድገውን አንድ ነገር ያዙና ሥሩን እዩ። አላህ ኢኽላስን ይወፍቀን።

ጁሙዓ ሙባረክ።