ማን አገኘው?

አንድ አገር ለእንግዳ ዓይን በተገለጠ ጊዜ፣ በእርግጥ የተገለጠው አገሩ ነው ወይስ የእንግዳው አለማወቅ? ጥያቄው የጂኦግራፊ ብቻ አይደለም፤ የሞራልም ነው። መምህሩ በሰሌዳው ፊት፣ ከያኒው በመድረክ ላይ «አገኘ» የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚገለገሉበት የሚወስን በመሆኑ በዋዛ የሚታለፍ ሊሆን አይገባም።

ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1831 ምጽዋ ወረደ። የቀይ ባሕርን ዳርቻ፣ ዓሣውንና ወፉን እየመረመረ ቆይቶ ወደ ደጋው ወጣ፤ ስሜንንና ጎንደርን አየ። የሰበሰበውንም ወደ ፍራንክፉርት ቤተ መዘክር ወሰደ። ዋልያና ጭላዳ እ.ኤ.አ. በ1835፣ ቀይ ቀበሮ ደግሞ በ1840 በሳይንስ መዝገብ የሰፈሩት በእርሱ እጅ ነው።

«ዋልያን ያገኘው ሩፔል ነው» ቢባል የስሜን ገበሬ እንደ ቀልድ ይሰማዋል፤ ቢስቅም እውነት አለው። እኛ ግን ከሳቁ አልፈን ማሰብ ይጠበቅብናል። ገበሬው ዋልያ ምን እንደሚበላ፣ በየትኛው ገደል እንደሚጠጋ ጠንቅቆ ያውቃል። ከስሜን በቀር በዓለም ላይ የትም እንደሌለ ግን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ የሌላውን ዓለም ተራራ አላየምና። ይህን ለመናገር ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ማነጻጸሪያ ያለው ዓይን ያስፈልጋል። እንግዳው ያገኘው እንስሳውን ሳይሆን የእንስሳውን ብርቅነት ነው። ይህም ቀላል ግኝት አይደለም። እኛማ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ብለን የተረትን ሕዝብ ነን።

በደሉ ያለው ከማየቱ ላይ ሳይሆን ከአጻጻፉ ላይ ነው። «ዋልያ»ና «ጭላዳ» የሚሉት ቃሎቻችን ጥቂት ተጣምመው በላቲኑ የሳይንስ ስም ውስጥ እስከ ዛሬ አሉ። ቃል ከሰማይ አይወርድም፤ ከአንድ ሰው አፍ ይወጣል። ቃሉ ተመዘገበ፤ የቃሉ ባለቤት ከመዝገቡ ውጭ ቀረ።

በእኛው ጎጃምም የታየው ከዚህ አይርቅም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ ያገኘሁ እኔ ነኝ አለ፤ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ከዚያው ቦታ መድረሱንም ሊያምንለት አልፈቀደም። እርሱ ከሟች ጋር ክርክር የገጠመበት ምንጭ ግን የአካባቢው ሰው በቅድስና ሲያከብረው የኖረ ነበር።

እንግዲህ የባዕዱን ኩራት ነቅፈን የራሳችንን ዝምታ ብናልፈው ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። ቢቸናና ሞጣ የጮቄ ተራራ ጎረቤቶች ናቸው። ሙጋና ሱሃ ወደ ዓባይ የሚወርዱት ከዚያው ነው። ጅብራው፣ አስታው፣ ጓሳው የሚበቅልበት ይህ ከፍታ የቀይ ቀበሮም ቤት ነበር። ዛሬ በጮቄ ቀይ ቀበሮ የለም፤ ከጠፋ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በየደጋው እርሻው ወደ ላይ እየወጣ፣ ግጦሹም እየሰፋ የአውሬውን መኖሪያ አጥብቦታል። ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም፤ መሬት የጠበበው ሰው ወደ ላይ ከመውጣት በቀር ምን አማራጭ ነበረው? የሚቆጨው ሌላ ነው። ስሙን የመዘገበው እንግዳ የሰጠን አንድ የላቲን ቃል ነው፤ አብረውት የኖሩት የእኛ ሰዎች የሚያውቁት ግን ዋሻውን፣ ጩኸቱን፣ የሚወጣበትን ሰዓት ነበር። የመጀመሪያው በመጽሐፍ ኖረ፤ ሁለተኛው ከተናጋሪዎቹ ጋር እያረጀ ነው።

ከሌላ ክፍለ አገር ተመድቦ ቢቸና ወይም ሞጣ የሚደርስ ወጣት መምህር በዘመናችን ያ እንግዳ ነው። ተማሪዎቹ የማያውቀውን ሣር በስሙ ሲጠሩለት ማስታወሻ ደብተሩን ያወጣ ይሆናል። ሲያወጣም የሣሩን ስም ብቻ ይጽፋል ወይስ የነገረውን ልጅና ለልጁ የነገሩትን አያት ጭምር? በጮቄ የመጨረሻዎቹን ቀበሮዎች ያየ እረኛ ዛሬ ሽበት ወርሶት ምናልባት በሞጣ ገበያ ገብሱን ዘርግቶ ተቀምጦ ይሆናል። ጠጋ ብሎ «አባባ፣ እንዴት ያለ ነበር?» የሚለው ማነው?